ከነላስቲኩ የተቆለፈው ካሜራ

አንድ ጊዜ፣ ያውም ብዙ ሳይርቅ፣ በአንድ ጫካ መካከል ከትልቅ ዋርካ ሥር ትምህርት ቤት ነበረ። ርዕሰ መምህሩ አያ ጅቦ ነው። እንዴት ተሾመ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ጅብ ሲሾም ምክንያት የሚጠይቅ ማን አለ? ምክትሉ ቀበሮ ነው፤ ጅቡ ያላሰበውን የሚያስብለት፣ ጅቡ ያሰበውን ደግሞ «ልክ ብለዋል ጌታዬ» የሚለው። ሥራውን ተሸክማ የምትውለው ግን እንደ ልማዷ አህያ ነበረች። እመት አህያ ጠዋትም ከሰዓትም ታስተምራለች፤ ጠመኔም ውሃም የምታመጣው እሷው ናት።

የእመት አህያ ጭንቀት አንድ ነበር፤ ተማሪዎቿ እየቀሩባት ነው። ጦጣዎቹ ትምህርቱ ሳይጋመስ ዛፍ ላይ ይወጣሉ። ጃርት ቁጥር ሲያይ እንቅልፍ ይጥለዋል። ሚዳቋ ደግሞ ትምህርት ቤት ከገባች ጀምሮ አንዲት ቃል ተንፍሳ አታውቅም፤ ስሟ ሲጠራ እንኳ አንገቷን ትደፋለች። እናቷም ዝም ብላ ለምትውል ልጅ ትምህርት ምን ይረባታል፣ ላስቀራት ነው ማለት ጀምራለች።

በዚህ መሀል የዱሩ ንጉሥ አንበሳ ለትምህርት ቤቱ አንድ የቪዲዮ ካሜራ ላከ። ልጆቹ ያዩትን ይቅረጹበት፣ በቀረጹትም ይማሩበት የሚል ቃል አብሮ መጣ። እመት አህያ ደስታዋን መደበቅ አቅቷት ጓሮ ሄዳ አናፋች።

ምን ዋጋ አለው! አያ ጅቦ ካሜራውን ከነላስቲኩ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠለጠለ። እንግዳ ሲመጣ ቁም ሳጥኑን ከፍቶ «በዘመናዊ መሣሪያ ነው የምናስተምረው» ይላል፤ እንግዳው ሲሄድ መልሶ ይቆልፋል። ልማድ ነዋ! ደህናው ዕቃ ለእንግዳ፣ የተሰባበረው ለልጅ። ላስቲኩን መላጥማ በጥብቅ የተከለከለ ነበር። ለተማሪዎቹ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነ።

እመት አህያ ቢሮ ተመላልሳ ለመነች። የምታገኘው መልስ ሁልጊዜ ያው ነው፤ ልጅ ይሰብረዋል። ተቆልፎበት ከኖረማ ቢሰበርስ ለተማሪው ምን ልዩነት አለው? ይህን ግን አልተናገረችም፤ ሲጭኗት ዝም ማለት ለምዳለችና ዋጥ አድርጋው ወደ ክፍሏ ተመለሰች።

አንድ ቀን አንበሳ ልጆቹ የቀረጹትን ላይ እመጣለሁ ብሎ መልእክት ሰደደ። አያ ጅቦ የሚያሳየው ነገር አልነበረውም። ቀበሮ ግን ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ መከረው፤ ካሜራውን ለአህያ ይስጧት፣ ልጆቹ ይልፉበት፣ ስናቀናብረው የእኛ እናደርገዋለን አለው።

እመት አህያ ላስቲኩን ራሷ በጥርሷ ላጠችው። ከዚያ ልጆቹን ሰብስባ ምን እንቅረጽ ብላ ጠየቀች። ሁሉም ተያዩ። ከኋላ በኩል ሚዳቋ አንገቷን ቀና አደረገችና በቀጭን ድምፅ «ምንጫችን ለምን ደረቀ?» አለች።

እናንተዬ፣ ከዚያ በኋላ ያንን ክፍል ማን ያስቁመው! ጦጣዎቹ ዛፍ ጫፍ ላይ ወጥተው የተራቆተውን ተራራ ቀረጹ። ቁጥር የሚያስተኛው ጃርት ጎርፉ የቦረቦረውን ቦይ ሲለካ ዋለ። ሚዳቋ ካሜራ ፊት ቆማ አሮጊቷን ኤሊ በጥያቄ አፋጠጠቻት። ኤሊም ዛፉ ሲመነጠር ጎርፍ አፈር ይዞ እንደወረደ፣ የምንጩንም ዓይን እንደደፈነው ነገረቻቸው። ልጆቹ ቆፈሩት፤ ውሃው ሲፈልቅም ቀረጹት። ቀርተው የነበሩትም ወሬውን ሰምተው ተመለሱ።

አያ ጅቦ ግን የትም ቦታ እየመጣ ካሜራው ፊት ይገተራል። አንድ ቀን እንዲያውም ሚዳቋ ስትቀርጽ ደርሶ ካሜራውን ነጠቃት። «አምጪ ወዲህ! ይህ ለእንግዳ ማሳያ ነው እንጂ የእናንተ መጫወቻ አይደለም። ንጉሡም ቢሆን ሰጥቶ ይረሳል፤ ጠያቂ የለብኝም» አላት። ካሜራው እየቀረጸ መሆኑን አላወቀም፤ አንድም ቀን ቀርጾበት አያውቅማ።

አንበሳ ሊመጣ በዋዜማው እመት አህያ ቢሮ ስትገባ ቀበሮ ቪዲዮውን ይቆርጣል። ሚዳቋ ተቆርጣለች። ጃርት ተቆርጧል። የፈለቀው ውሃ እንኳ ተቆርጧል! አያ ጅቦ ከቀበሮ ጀርባ ቆሞ እኔ ያለሁበትን አንዲት እንዳታስቀር እያለ ያዛል። ቀበሮ አንዱ ቦታ ላይ ሲደርስ ቆም አለ፤ አለቃውን ሰረቅ አድርጎ አየና ፈገግ ብሎ «ልክ ብለዋል ጌታዬ» አለ።

እመት አህያ ልጆቹ የት ሄዱ ብትል፣ ጅቡ ንጉሥ የሚያየው አለቃን ነው፣ የሚዳቋን ወሬ ማን ይሰማል አላት። ሚዳቋ በር ላይ ቆማ ሰምታ ኖሯል።

«ቲቸር፣ ከነገ ጀምሮ አልመጣም» አለች።

እመት አህያ ጨው ተሸክማለች፣ ድንጋይ ተሸክማለች፤ እንደዚህች ቃል የከበዳት ግን የለም። ነገን ብቻ፣ ከእናትሽ ጋር ነይልኝ ብላ ለመነቻት።

በማግሥቱ ዋርካው ሥር አቡጀዲ ተወጠረ፤ አንበሳም ከፊት ተቀመጠ። ቪዲዮው ተጀመረ። ጅብ ሪባን ሲቆርጥ። ጅብ ችግኝ ሲተክል። ጅብ ንግግር ሲያደርግ፣ አሁንም ጅብ ንግግር ሲያደርግ። ወዲያው ደግሞ «ንጉሡም ቢሆን ሰጥቶ ይረሳል» የሚል የገዛ ድምፁ ጫካውን ሞላው።

የአንበሳ ጋማ ቆመ። ቀበሮ ፈጥኖ «ያሉበትን አንዲት እንዳላስቀር አዘውኝ ነው» አለና ራቅ ብሎ ቆመ። አንበሳ ወደ አህያ ዞሮ ለምን ዝም አልሽ ብሎ ተቆጣ።

«ዝም ብዬ እንድሸከም ነው ያስለመዳችሁኝ» አለች እመት አህያ። «ግን ጅቡ ስለ እርስዎ አልዋሸም። ካሜራውን ላኩ፤ ልጆቹ ነኩት ወይ ብለው ጠየቁ? እነዚህ ልጆች ምንጭ አፍልቀዋል፤ እዚያ ጨርቅ ላይ ግን የአንዳቸውም ፊት የለም፣ ተቆርጧል። በእኔ ላይ ከሚቆጡ ለእነሱ ይቆጡላቸው።»

አንበሳ ወደ ቀበሮ ዞረ። የተቆረጠው ይታይ አለ። ቀበሮ፣ ነፋሱ ወዴት እንደዞረ ገብቶታልና፣ ካስቀመጠበት አወጣው። ሚዳቋ አቡጀዲው ላይ ቆማ «ምንጫችን ለምን ደረቀ?» ስትል፣ እናቷ ከኋላ ብድግ አለች።

«ይህች የኔ ልጅ ናት?» አለች፤ ውሃው ሲፈልቅ ደግሞ አለቀሰች። ልጄን አስቀራለሁ የሚል ቃል ከዚያ ወዲያ ከአፏ አልወጣም።

አንበሳ ቁልፉን ከጅቡ አንገት በጥሶ ገደል ወረወረው። ቀበሮ በአህያ ፈንታ ጠመኔና ውሃ ተሸካሚ ሆነ። አያ ጅቦ ከተማሪዎቹ ጋር ተቀምጦ እንዲማር ተፈረደበት። የመጀመሪያ ቀን ካሜራው በእጁ ሲገባ መሸፈኛ ፍለጋ ዙሪያውን ቃኘ።

«ላስቲኩ የለም፣ አያ ጅቦ» አለችው ሚዳቋ። «ዝም ብለው ይቅረጹ።»

ከዚህ የምንማረው ለልጅ የተሰጠውን ዕቃ እንዳይሰበር ብሎ የሚቆልፍ፣ የሚቆልፈው የልጁን አፍ መሆኑን ነው።