የሚፋጀው ቦታ

አንድ ሹፌር ነበረ። ልጄ፣ «ባሌን ልፍታው ወይስ ልታገሠው?» ላልሽኝ ከመመለሴ በፊት የእሱን ነገር ስሚኝ።

ይህ ሰው ከገጠር ወደ ከተማ ሰው የሚያመላልስባት አንዲት አሮጌ መኪና ነበረችው። እየቆየች ጠዋት ጠዋት አልነሣም ትለው ጀመር። ቁልፉን ሲያዞር «ቀጭ» ትልና ዝም። ጎረቤቶቹ ገፍተው ያስነሡለታል። መጀመሪያ እየሳቁ ይገፉ ነበር፤ ኋላ ግን ሲመጣ ሲያዩት በራቸውን የሚዘጉ በዙ። እሱንም ሰው መለመን አንገሸገሸው።

ባትሪው ነው ብሎ አዲስ ባትሪ ገዛ። ጥቂት ቀን ሠርታ ተመልሳ ዝም አለች። እንግዲያው ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ ነው ብሎ እሱንም አስለወጠ። ያው ሆነ። ከእንግዲህ መኪናዋን መሸጥ ነው እያለ ሳለ፣ አንድ ማለዳ የጎረቤቱን ሚስት ምጥ ያዛት። ደግፈው አሳፈሯት። ቁልፉን አዞረ፤ አልተነሣችም። መኪናዋን እንዳይገፉ ሌሊቱን ዘንቦ መንገዱ ጭቃ ነው። ሴትየዋን አውርደው በቃሬዛ ተሸክመዋት ሄዱ። እግዜር ይመስገን በሰላም ተገላገለች፤ እሱ ግን ጎረቤቱን ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

በማግስቱ የመኪናዋን ክዳን ከፍቶ ቆመ። ሚስቱ መጥታ፣ «አሁንስ ምን ልትለውጥ ነው?» አለችው።

«ምንም። ደክሞኛል። አንቺ ቁልፉን አዙሪልኝ፤ እኔ የባትሪውን ገመድ በእጄ ልከተለው።»

እሷ ስታዞር እሱ ከባትሪው ጀምሮ ገመዱን እየዳሰሰ ወረደ። ቀዝቃዛ ነው። ገመዱ ከመኪናዋ ብረት ጋር ከታሰረበት ቡሎን ሲደርስ ግን እጁን ፈጀው። ፈትቶ ቢያየው ዝገት በልቶታል። የባትሪው ኃይል ማለፊያ አጥቶ እዚያው ይነድ ኖሯል። ዝገቱን በቢላ ፍቆ አጥብቆ አሰረው። ሚስቱ ደግማ አዞረች፤ መኪናዋ ተነሣች።

እሱ አልሳቀም። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ «ደኅናውን ስለውጥ ነው ለካ ዕድሜዬን የፈጀሁት» አለ።

ልጄ፣ የእናንተም ነገር ይኸው ነው። ሰፈር ቀየራችሁ፤ ቤት አደሳችሁ፤ ሽማግሌም አንዱን ትታችሁ ሌላውን አስቀመጣችሁ። አሁን ደግሞ የቀረኝ ባል መለወጥ ነው ትያለሽ። እኔም አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ልጃችሁን መልካሙን ከቀበራችሁ ወዲህ፣ አንቺና ባልሽ ተቀምጣችሁ ስሙን አንሥታችሁ ታውቃላችሁ?

አቀረቀርሽ። እንግዲያው የሚፋጀው እዚያ ነው። ቤታችሁ የጠፋው ፍቅር አጥቶ አይመስለኝም፤ ሁለታችሁም እዚያ ቦታ እጃችሁን ማሳረፍ ፈርታችሁ ነው። ሂጂና ከአጠገቡ ተቀመጪ። ስለ ልጁ አንሺለት። አያምም አልልሽም፤ ያማል። አልቅሱ። ከዚያም በኋላ «ልፍታው» ካልሽ ተመልሰሽ ነይ፤ ያኔ እሰማሻለሁ።