የዘምዘም ደረቅ ጥግ

ተረት ላውራ? አውራ በሉኝ። እንግዲያው ስሙ።

ደሴ ከተማ፣ ከተራራው ሥር፣ አራጋው የሚባል ሰው ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ ዓይኑ ሲደክም መሪውን ለቀቀና «ከእንግዲህ ቤት አከራይቼ አርፌ እኖራለሁ» አለ። ቤት ገዝቶ አያውቅም፣ አከራይቶም አያውቅም። ደላላው በበጋ፣ ፀሐይዋ ፏ ባለችበት ቀን ወስዶ አንድ የጭቃ ቤት አሳየው። ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቷል፣ ግቢው ጥርግ ብሏል። «ጋሼ፣ ዛሬ ካልያዙት ነገ ሌላ ሰው ይወስደዋል» አለው ደላላው። አራጋው ደነገጠ። ያለ የሌለውን አሟጦ ገዛው።

ቤቱን ዘምዘም የምትባል ልብስ ሰፊ ተከራየችው። ብቻዋን የምትኖር፣ ሥራዋን የምትወድ ሴት ናት። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ የሙሽራ ቀሚስ ትሰፋለች። አራጋውም በበሩ ሲያልፍ የመኪናዋን ድምፅ ይሰማና «ጥሩ ሰው አገኘሁ» ይላል።

ከዚያ ክረምት ገባ፣ ጣሪያውም ማፍሰስ ጀመረ።

«ጋሼ» አለችው ዘምዘም፣ «ትልቅ ነገር አልጠየቅኩም። ለመኪናዬ አንዲት ደረቅ ጥግ ብቻ ትበቃኛለች።»

«ይቺማ ምን አላት!» አለ አራጋው። «ነገውኑ አሠራልሻለሁ።» ሲላት ከልቡ ነበር።

አናጢውን እንድሪስን ጠራው። እንድሪስ መሰላሉን አስደገፈ፣ ትንሽ ወጣ አለ፣ ግድግዳውን በእጁ ገፋ ገፋ አደረገና ወረደ።

«አልወጣም» አለ።

«ምነው?»

«ግድግዳው አጋድሏል፣ ጋሽ አራጋው። እኔ ከወጣሁ ጣሪያው እኔን ይዞ ይወርዳል። መጀመሪያ ግድግዳውን በግንበኛ ያስተካክሉ።»

ግድግዳው አጋደለ፣ አናጢው አልወጣም አለ፣ ጣሪያው አፈሰሰ፣ ዘምዘም ደረቅ ጥግ አጣች።

አራጋው ግንበኛውን ይማምን ጠራው። ይማም ከግድግዳው ሥር ቁጢጥ አለ፣ አካፋውን ሰካ፣ ሲነቅለው ጉድጓዱ ውሃ ሞላ።

«አላቀናም» አለ። «መሠረቱ ርሷል። ዛሬ ባቀናው ነገ መልሶ ያጋድላል፣ ያኔ ደግሞ የሚሰደበው ይማም ነው። መጀመሪያ ውሃውን ያስወጡ። ለመሆኑ ሲገዙት ለግንበኛ አላሳዩም?»

«ቀለሙ አዲስ ነበር እኮ» አለ አራጋው።

ይማም አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ ሄደ።

ውሃው ከመሠረቱ ሥር ተኛ፣ ግንበኛው አላቀናም አለ፣ ግድግዳው አጋደለ፣ አናጢው አልወጣም አለ፣ ጣሪያው አፈሰሰ፣ ዘምዘም ደረቅ ጥግ አጣች። መኪናዋን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ስትገፋ ዋለች። «ጋሼ፣ እስኪሠራ ድረስ ላስቲክ እንኳን?» አለችው። ላስቲክ ገዛላት። ላስቲኩ ውሃ አጠራቅሞ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፈው።

አራጋው አካፋ ይዞ ውሃውን ተከተለው። ውሃው ከተራራው ወርዶ በግቢው አቋርጦ እስከ አጥሩ ይሄዳል፣ እዚያ ሲደርስ ይቆማል። መውጫው ቦይ ከአጥሩ ማዶ በድንጋይና በአፈር ጥቅጥቅ ተደርጎ ተደፍኗል።

ቦዩ ተደፈነ፣ ውሃው ከመሠረቱ ሥር ተኛ፣ ግንበኛው አላቀናም አለ፣ ግድግዳው አጋደለ፣ አናጢው አልወጣም አለ፣ ጣሪያው አፈሰሰ፣ ዘምዘም ደረቅ ጥግ አጣች።

ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት እማማ ሎሚ ናቸው፤ በሰፈሩ ከሁሉም በዕድሜ የገፉ ባልቴት። አራጋው በራቸውን አንኳኳ።

«እማማ፣ ቦዩን ይክፈቱልኝ። ቤቴ በውሃ አለቀ።»

«አልከፍትም» አሉ እማማ ሎሚ፣ በሩን ገርበብ አድርገው።

«ምን በደልኩዎት?»

«አንተ ምን ቸገረህ፣ ልጄ። የምትቸኩል ሰው ነህ፣ ሂድ።» በሩን ዘጉት።

አራጋው ተናደደ። «ክፉ ባልቴት!» እያለ ሄደ። ቀበሌ እከሳለሁ አለ፣ ሽማግሌ እልካለሁ አለ፣ ዝናብ ሲያባራ ተወው፣ ሲዘንብ እንደገና አስታወሰው። እንዲህ እያለ ክረምቱ ገፋ።

እማማ ሎሚ አልከፍትም አሉ፣ ቦዩ ተደፈነ፣ ውሃው ከመሠረቱ ሥር ተኛ፣ ግንበኛው አላቀናም አለ፣ ግድግዳው አጋደለ፣ አናጢው አልወጣም አለ፣ ጣሪያው አፈሰሰ፣ ዘምዘም ደረቅ ጥግ አጣች።

አንድ ጠዋት አራጋው ግቢ ሲገባ ጩኸት ሰማ። የአንዲት ሙሽራ እናት አንድ ነጭ ቀሚስ ዘርግታ ይዛለች። ከደረቱ እስከ ጫፉ የዝገት ውሃ ወርዶበታል። «ሠርጉ ደርሶብኛል! ይሄን ለብሳ ትውጣልኝ?» እያለች ታለቅሳለች። ዘምዘም ቀሚሱን ከእጇ ተቀበለች። ጨርቁን ከራሷ ኪስ ገዝታ፣ ጎረቤት ቤት በረንዳ ላይ መኪናዋን አስቀምጣ፣ ቀሚሱን እንደ አዲስ ሰፍታ ለሠርጉ አደረሰች። ከዚያ ወዲህ ግን ስለ ጣሪያው ለአራጋው ምንም አላለችውም። አራጋውም ዝምታዋ ትዕግሥት መሰለው።

ብዙም ሳይቆይ ባጃጅ በሩ ላይ ቆመ፤ የስፌት መኪናዋ ተጫነ።

«ዘምዘም፣ ጥቂት ብቻ ታገሺኝ!» አለ አራጋው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ጥሩ ሰው ነዎት። ክፉ አልተናገሩኝም» አለች። «ግን ልብስ ሰፊ ጨርቋን የምትዘረጋው ደረቅ ጠረጴዛ ላይ ነው። በአከራይዋ ጥሩነት ላይ አይዘረጋም።» ቁልፉን በሁለት እጇ ሰጠችው።

አራጋው ባዶው ቤት መሃል ቆመ። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ያን ጊዜ ንዴቱ ሁሉ ከላዩ ላይ ወረደ። ተነስቶ ወደ እማማ ሎሚ ሄደ፤ በዚህ ጊዜ ግን ቦዩን ይክፈቱልኝ አላለም።

«እማማ፣ ቦዩን ለምን ደፈኑት?» አላቸው።

እማማ ሎሚ አዩት። ከዚያ በሩን ከፈት አደረጉ።

«አሁን ጠየቅከኝ» አሉ። «ቤቱን የሸጠልህ ሰው ውሃውን ሁሉ ወደ እኔ ግቢ ለቀቀው። ማድ ቤቴ ፈረሰ፣ ዶሮዎቼ አለቁ። ለምኜው እንቢ ሲለኝ ደፈንኩት። አንተ ልትገዛ የመጣህ ዕለት ይሄንኑ ልነግርህ በር ላይ ቆሜ ነበር። ‹ልጄ› ብዬ እጄን አነሳሁ። ‹በኋላ፣ እማማ› ብለኸኝ ከደላላው ጋር ሄድክ። በኋላ ያልከው ይኸው ዛሬ ነው።»

አራጋው ትዝ አለው። ነጠላ የለበሰች አሮጊት፣ ወደ ላይ የተነሳች እጅ። ደላላው በክንዱ ይዞት ነበር። አንገቱን ደፋ።

«አጥፍቻለሁ፣ እማማ።»

«ጥፋትህን ተወው። ውሃው በግቢዬ መሃል አይለፍ። ዳር ዳሩን፣ በድንጋይ ተገንብቶ ወደ መንገዱ ይውረድ። እንደዚያ ካደረግክ እኔ ምን ክፋት አለኝ?»

ግን በምን ይሠራል? ለግዢው ሁሉንም አሟጦ፣ ለጥገና የሚሆን ምንም አላስቀረም። በደከመ ዓይኑ እንደገና መሪ ጨበጠ። ከኮምቦልቻ ጭነት አመላለሰ፤ ባረፈበት ቀን ደግሞ ከይማም ጋር ድንጋይ ተሸከመ፣ ቦይ ቆፈረ።

እማማ ሎሚ እሺ አሉ፣ ቦዩ ተከፈተ፣ ውሃው ሄደ፣ መሠረቱ ደረቀ፣ ግንበኛው ግድግዳውን አቀና፣ አናጢው ጣሪያው ላይ ወጣ፣ ቆርቆሮው ተቀየረ፣ ጣሪያው ማፍሰሱን ተወ፣ ደረቋ ጥግ ተገኘች። ዘምዘም ግን የለችም።

ቀጥሎ በዘነበ ቀን አራጋው ቤቱ ውስጥ ብቻውን ተቀመጠ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ወለሉ ላይ አንዲት ጠብታ የለችም። «በክረምት መጥቼ ባየሁት ኖሮ» አለ ለራሱ። «ይማምን ይዤው በመጣሁ ኖሮ። ለጥገና ብዬ ትንሽ ባስቀረሁ ኖሮ። ምናለ እማማን ቆሜ ባዳመጥኳቸው!»

ከዚያ ተነስቶ ዘምዘም ወደተከራየችበት ሰፈር ወጣ። መኪናዋ ላይ ነበረች።

«ደረቀ» አላት።

«እሰይ!» አለች፣ ከልቧ ደስ ብሏት። «ቦዩን ማን ከፈተልዎት?»

«እማማ ሎሚ። ብጠይቃቸው ኖሮ ድሮውንም ይከፍቱልኝ ነበር።» ከዚያ «ትመለሻለሽ?» አላት።

ዘምዘም እግሯን ከመርገጫው ላይ አነሳች። በመስኮቱ አጠገብ የተዘረጋውን ጨርቅ አየች፤ በሩ ላይ ተራ የሚጠብቁትን ደንበኞቿን አየች።

«አይ ጋሼ» አለች በቀስታ። «እዚህ ለምጃለሁ። አሁንማ ደንበኞቼ ይሄንን በር ነው የሚያውቁት።»

«እውነትሽን ነው» አለ።

«ሻይ ይጠጡ እንጂ።»

ሻዩን ጠጣ፣ መረቃት፣ ወጣ። ቁልቁለቱን ሲወርድ የመኪናዋ ድምፅ እስከ መታጠፊያው ድረስ ተከተለው፤ ከዚያ በኋላ አልተሰማም።

ተረቴ ይኸው ነው። ከመካከላችሁ ቤት ሊገዛ የተነሳ ካለ፣ ሳይፈርም በፊት ይህን ተረት ንገሩት።