የአስካለ ተረከዝና የዘማቾቹ አበሳ

ተረት ልንገራችሁ፤ ሳቅ ግን ብዙ አትጠብቁበት። አስካለ የሰሊጥ ማሳ ስታርም ተረከዟን እሾህ ወጋት። እሾሁ ወጣ፤ ተከትሎት የገባው ተውሳክ ቀረ። እግሯ አብጦ ጋለ። «ከሁለት ሳምንት በኋላ የወንድሜ አርባ ነው። በእግሬ ቆሜ ልድረስ እንጂ ሌላ አልፈልግም» አለች።

ተረከዟ ተውሳኩን «ልቀቀኝ» አለው። «አልለቅም» አለ።

ተረከዟ ወደ ነጭ የደም ሴሎች ጮኸ። ቀድመው የደረሱት ኒውትሮፊሎች ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከቀናት የማያልፍ ዘማቾች። ዘለው ገቡ፤ እየገደሉ ሞቱ። የቀሩት «እያለቅን ነው፤ ማክሮፋጅን ጥሩልን!» አሉ።

ማክሮፋጅ ሆዳም ነጭ የደም ሴል ነው፤ ያገኘውን ይውጣል። ተውሳኩ ግን እየተሙለጨለጨ አስቸገረው። «ካልታሰረልኝ አልውጥም» አለ። ማክሮፋጅ ካልዋጠ ተውሳኩ አይለቅም፤ ተውሳኩ ካልለቀቀ አስካለ አትቆምም። ዘማቾቹም ይሞታሉ።

እግር ብረት የሚሠራው አንጥረኛው ቢ ሴል ነው፤ ሐኪሞች ብረቱን ፀረ እንግዳ አካል ይሉታል። «አለቃዬ ቲ ሴል ሳያዘኝ መዶሻ አላነሳም» አለ። አንጥረኛው ካልቀጠቀጠ ማክሮፋጅ አይውጥም፤ ማክሮፋጅ ካልዋጠ ተውሳኩ አይለቅም፤ ተውሳኩ ካልለቀቀ አስካለ አትቆምም። ዘማቾቹም ይሞታሉ።

ቲ ሴል ብሽሽቷ ላይ ንፍፊት ውስጥ ተቀምጧል። ወሬ አያምንም፤ ልማዱ ነው። «የጠላትን ቁራጭ በዓይኔ ሳላይ አላዝም» አለ። አይ አለቃ! አለቃው ካላዘዘ አንጥረኛው አይቀጠቅጥም፤ አንጥረኛው ካልቀጠቀጠ ማክሮፋጅ አይውጥም፤ ማክሮፋጅ ካልዋጠ ተውሳኩ አይለቅም፤ ተውሳኩ ካልለቀቀ አስካለ አትቆምም። ዘማቾቹም ይሞታሉ።

ቁራጭ የሚያደርሰው መልእክተኛው ዴንድሪቲክ ሴል ነው። «መንገዱ ሩቅ፣ ዳገቱም ከባድ ነው» ሊል አፉን ከፈተ። የረገፉትን ሲያይ ግን ተወው። ከተውሳኩ ገጽ ቁራጭ ቦጭቆ ሽቅብ ወጣ። እሱ ሲወጣ ዘማቾቹ ረገፉ፤ ሌሎች መጡ፤ እነሱም ረገፉ።

አለቃው ቁራጩን አየ። ያኔ አለቃው አዘዘ፤ አንጥረኛው ቀጠቀጠ፤ እግር ብረቱ አሰረ፤ ማክሮፋጅ ዋጠ፤ ተውሳኩ ለቀቀ፤ አስካለ ቆመች።

በአርባው ዋዜማ ቁስሉ ፈነዳ፤ መግል ወረደ። ጎረቤቷ እትዬ ዘነቡ «ተገላገልሽ ልጄ?» አሏት።

«ተመስገን እትዬ፤ ቆሻሻው ሁሉ ወጣልኝ» አለች። ታጠበች፤ በማግስቱም ለወንድሟ አርባ በእግሯ ደረሰች።

መግሉ እኮ ዘማቾቹ ናቸው፤ ሬሳቸው ነው። እኔን ያሳዝኑኛል። ተረቴን መልሱልኝ፤ ዳቦው ይቅርብኝ።