መብራት የሸፈነው ጅብና ቋጠሮ የሚቆጥረው አህያ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ በእግር መሄድ ሰልችቷቸው መኪና መንዳት በጀመሩበት ዘመን፣ አንድ አሮጌ ሚኒባስ ያለው አህያ ነበር። ሚኒባሱን የገዛው ለሀብት ብሎ አይደለም። ዳግመኛ ጀርባው ላይ ጭነት እንዳይወጣ ብሎ ነው። የጤፍ ጆንያ ከተሸከመ ሦስት ክረምት አልፎታል፤ ያም ሆኖ ጆንያ ባየ ቁጥር የጀርባው ቆዳ በራሱ ጊዜ ይሸማቀቅ ነበር።

ሚኒባሱ አንድ ጉድለት ነበረበት። የነዳጅ መለኪያው ሞቷል። ታንኩ ሙሉም ሆነ ባዶ፣ ቀስቷ ከመሃል ንቅንቅ አትልም። አህያው ይህን ያወቀው መኪናውን በገዛ በሁለተኛው ሳምንት፣ አሥራ አንድ ፍየሎች አሳፍሮ ዳገት መሃል በቆመ ጊዜ ነው። ፍየሎቹ እስከ ዛሬ ያነሱበታል። ከዚያ ወዲህ አንድ ብልሃት አበጀ። ከመስታወቱ ላይ ሲባጎ አንጠለጠለ። ከጋራው ከተማ ተነስቶ ቆላው ገበያ ደርሶ በተመለሰ ቁጥር ሲባጎው ላይ አንድ ቋጠሮ ይቋጥራል። ሙሉ ታንክ አራት ደርሶ መልስ እንደሚያስኬድ ደጋግሞ ፈትሿል። እሱ ግን አራተኛውን አይጠብቅም፤ ሦስተኛው ቋጠሮ ላይ ማደያ ይገባል፣ ያስቀዳል፣ ቋጠሮዎቹን ይፈታል፣ እንደገና ከአንድ ይጀምራል።

ይህም ሆኖ ራሱን አያምንም። «የአሁኑን ቋጥሬዋለሁ ወይስ ልቋጥር አስቤ ረሳሁት?» ይልና ተሳፋሪ ሞልቶ ሳለ ወርዶ የታንኩን ክዳን ከፍቶ ያሸታል።

«ምን ይሸታል?» ይሉታል ተሳፋሪዎቹ በመስኮት።

«ነዳጅ።»

«ታዲያ ምን እንዲሸትህ ነበር የፈለግከው? ሽሮ?»

በጋራው ከተማ ያለው ማደያ አንድ ብቻ ነው። ቀጂው ደግሞ ጋሽ ኤሊ ናቸው። ሰልፉ ለምን እንደሚረዝም ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልግም።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አህያው ሦስተኛ ቋጠሮውን ይዞ ከሰልፉ ጫፍ ቆመ። ገና ሞተሩን ከማጥፋቱ ከኋላው የክላክስ ጩኸት ተሰማ። አያ ጅቦ ነው። የሚያብረቀርቅ አዲስ ሚኒባሱን በሰልፉ ጎን እየነዳ መጣና ከአህያው ፊት አፍንጫውን ሰካ። በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ከንፈሩን ላሰ።

«አንተ አህያ! ደግሞ መጣህ? ባለፈው ሰኞ አይደል እዚሁ ያየሁህ?»

«አያ ጅቦ፣ ሦስተኛ ቋጠሮዬ ስለሆነ ነው። ተራው ግን የኔ ነበር መሰለኝ።»

«መሰለህ? ሹፌር ሹፌርን አይብላ የሚል ሕግ ንጉሡ ባያወጡ ኖሮ፣ ዛሬ ይህ ሰልፍ በአንድ ያጥር ነበር!»

አህያው «መሰለኝ» ማለቱን ተጸጸተ። ግን ምን ማለት እንደነበረበት ሲያስብ ሰልፉ አንድ መኪና ተጠጋ።

«እኔን ተመልከት» አለ ጅቡ። «የነዳጁ ቀይ መብራት ሳይበራ ማደያ ረግጬ አላውቅም። ቀይ ከበራም በኋላ አንድ በግ በልቼ ነው የምመጣው። ታንክ ሲሞላ ሆድ ይጎድላል፣ ሆድ ሲሞላ ታንክ ይጎድላል። አንዱን መምረጥ ነው!»

የጅቡ ተራ ሲደርስ ሥጋ ቤት ሊዘጋበት ሆነ። «ጋሽ ኤሊ፣ አንዲት ጀሪካን ብቻ! ቶሎ!» ብሎ ጮኸ። ጋሽ ኤሊም በራሳቸው ፍጥነት ቀዱለት። ብልጥ ሹፌሮች ታንክ ሊሞላ ሲል መኪናውን ይወዘውዛሉ፤ እህል በቁና ሲሰፈር ቁናው እንደሚነቀነቀው፣ ነዳጁ ይጠቀጠቃል ብለው ነው። ጅቡ ይህን አይቷል፤ ለምን እንደሚደረግ ግን አልገባውም። ባዶ ታንክ ውስጥ ለገባች አንዲት ጀሪካን ተሳፋሪዎቹን ሁሉ አስወረደና መኪናውን ከግራ ቀኝ፣ ከቀኝ ግራ ይንጠው ጀመር።

«ወዝውዙ! ሲወዘወዝ ይበዛል!»

ከተሳፋሪዎቹ አንዲት ነፍሰ ጡር በግ ሳትቀር ወዘወዘች፤ ነዳጁ ግን አልበዛም። ጅቡ ሞተሩን ቢያስነሳ ቀዩ መብራት አሁንም እንደ በራ ነው።

«ይኸው ቀድቼለት እንኳ ይጮህብኛል!» አለ ተናዶ።

ይህን ጊዜ እመት ቀበሮ ብቅ አለች። እመት ቀበሮ መኪና የላትም፤ ኑሮዋ ለሌላው ተራ በመያዝና ለተቸገረ ምክር በመሸጥ ነው።

«አያ ጅቦ፣ ይህ ቀላል ሕመም ነው» አለችው ዳሽቦርዱን በሐዘኔታ እያየች። «መድኃኒት አለኝ። የፍየል ታፋ ካለህ።»

«አለኝ!»

ከቦርሳዋ የቁስል ፕላስተር አወጣችና ቀዩ መብራት ላይ ለጠፈችበት። መብራቱ ጠፋ። ጅቡ ዳሽቦርዱን በግራ ዓይኑ አየው፣ በቀኝ ዓይኑ አየው።

«ዳነ!» አለ። ታፋውን አስረክቦ ወደ ሥጋ ቤት ከነፈ።

አህያው ይህን ሁሉ ከኋላ ሆኖ ተመልክቷል። «ትክክል አይመስለኝም» ሊል አፉን ከፈተ። ግን የእሱ መለኪያ የሞተ ነው፤ የሰው መለኪያ ላይ አስተያየት መስጠት ያምርበታል? አፉን ዘጋና አስቀድቶ ሄደ። በነጋታው ዓርብም እንደ ልማዱ ቆላው ገበያ ሁለት ጊዜ ተመላለሰ፣ ሁለት ቋጠሮ ቋጠረ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ንጉሥ አንበሳ ሹፌሮችን ሁሉ ደጃቸው ሰበሰቡ።

«እናቴ ጉልበታቸውን ታመዋል» አሉ። «ከሜዳው ማዶ ወዳለው ፍል ውሃ ይወሰዳሉ። አንድ መኪና ለእናቴ፣ አንድ መኪና ለጓዛቸው እፈልጋለሁ። በደህና አድርሶ የመለሰ የቤተ መንግሥት ሹፌር ይሆናል። ሜዳው ላይ ማደያ የለም። ነዳጅ ጨርሶ መንገድ ላይ የቆመ ግን ታርጋው ይፈታል፤ እስከ መስከረም ድረስም መኪናው የሚጭነውን በጀርባው ይጭናል!»

የአህያው የጀርባ ቆዳ ከአንገቱ እስከ ጭራው ተሸማቀቀ። ወደ ኋላ ሸርተት ሊል ሲል የንጉሡ ጣት አረፈበት።

«አንተና አያ ጅቦ ትሄዳላችሁ። አያ ጅቦ፣ የነዳጅ መለኪያህ ምን ይላል?»

«ጃንሆይ፣ አንዲት ቀይ መብራት እንኳ አትታይም!» አለ ጅቡ ደረቱን ነፍቶ። ውሸት አልነበረም።

«አንተስ?»

«ጃንሆይ… መለኪያዬ ሞቷል።»

«ነፍስ ይማር!» አለ አንድ ዝንጀሮ ከኋላ፤ ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ንጉሡም ሳቃቸውን በጋማቸው ሸፍነው «እንግዲያውስ እናቴ በአያ ጅቦ መኪና፣ ጓዛቸው በአንተ» ብለው ፈረዱ። እመት ቀበሮም አስታማሚ ነኝ ብላ ከጅቡ መኪና የፊት ወንበር ላይ ጉብ አለች። ለስንቅ የተጫነው ቋንጣ ሽታው ደርሷት ነበር።

አህያው በልቡ አሰላ። ፍል ውሃው ድረስ ደርሶ መመለስ የዘወትር መንገዱን ሦስት ተኩል ያህላል። ሲባጎው ላይ ሁለት ቋጠሮ አለ። የቀረው ሁለት ብቻ። አሰላ፤ ተጠራጠረ፤ ደግሞ አሰላ። ያው ሆነ።

«ጃንሆይ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና… ማደያ ደርሼ ልምጣ?»

«ይኸ እንስሳ ማደያ ውስጥ ነው የተወለደው?» ብሎ ጅቡ ሳቀ። «ሐሙስ ያስቀዳ ቅዳሜ ምን ያስቀዳል?»

ንጉሡ ፊታቸውን አጨፈገጉ። «ፀሐይ ከዚያ ዋርካ ጫፍ ሳትደርስ ካልተመለስክ ጓዙን ሌላ ይወስዳል፤ አንተም ከዚህ መስመር ትወጣለህ።»

አህያው በረረ። ማደያው ገና መከፈቱ ነው። ጋሽ ኤሊ ከቤታቸው ወደ መቅጃው ማሽን እየመጡ ነበር፤ አሥር እርምጃ ያህል ቀርቷቸዋል።

«ጋሽ ኤሊ፣ በእግዜር፣ ፍጠኑልኝ! ታንኩን ሙሉልኝ!»

«እየሮጥኩ እኮ ነው፣ ልጄ!» አሉ ጋሽ ኤሊ። ከልባቸው ነበር።

አህያው አንድ ዓይኑን ፀሐይዋ ላይ፣ አንድ ዓይኑን ጋሽ ኤሊ ላይ አድርጎ ጠበቀ። ፀሐይዋ ትፈጥን ነበር። በመጨረሻ ታንኩ ሞላ። ሁለቱን ቋጠሮዎች በጥርሱ እየፈታ ተመለሰ። የፀሐይዋ ጠርዝ ዋርካውን ልትነካ ጥቂት ሲቀራት የንጉሡ ደጅ ገባና ጓዙን ጫነ፦ ፍራሽ፣ ምንጣፍ፣ ሁለት ሣጥን፣ አንድ ትልቅ ብረት ድስት።

ጉዞ ተጀመረ። ጅቡ አፈር እያስነሳ ከፊት ነጎደ። ቁልቁለት ሲያገኝ «ነዳጅ ልቆጥብ» እያለ ሞተር ያጠፋል፤ ሜዳ ሲያገኝ ደግሞ የቆጠበውን እጥፍ አድርጎ ይጨፈልቀዋል። አህያው ከኋላ በአንድ ዓይነት ፍጥነት እየነዳ አቧራ ይውጣል። «ምናልባት እሱ ይሆናል ትክክል» ብሎ አሰበ። «ምናልባት እኔ ፈሪ ነኝ።» አንድ ጊዜም ቆሞ ታንኩን አሸተተ።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ፣ ዛፍ በሌለበት ሜዳ መሃል የጅቡ መኪና ቆማ አገኛት። ድምፅ ከሩቅ ይሰማ ነበር።

«ከሐሙስ ወዲህ አስቀድተሃል ወይ ነው የምልህ!» ትላለች ቀበሮ።

«ለምን ብዬ? መብራቱ መቼ በራ?»

«ፕላስተር ለጥፈንበት የለም እንዴ!»

«አዎ! ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልታመመም! ድንቅ መድኃኒት ነው!»

ቀበሮ ራሷን በሁለት እጇ ያዘች። አሮጊቷ አንበሳ ከኋላ ወንበር ላይ ነቁ።

«ምን ሆነን ቆምን?»

«እመቤቴ፣ መኪናዋ ትንሽ ልረፍ ብላ ነው» አለ ጅቡ።

አሮጊቷ ጎንበስ ብለው ዳሽቦርዱን አዩ። «ይህ ፕላስተር ምንድን ነው? ቁስሉ የት አለ?» አሉና በጥፍራቸው ጫፍ ነቅለው ቁልፉን እንዲያዞር አዘዙት። ቀዩ መብራት ፊታቸው ላይ ቦግ አለ።

 ጅቡ መብራቱን አይቶ በእውነት ደነገጠ። «አገረሸበት!» አለ።

እመት ቀበሮ ግን ወደ አህያው ሮጠች። «ወንድሜ፣ የኔ ጌታ፣ ያንተ ታንክ ሙሉ ነው። በጎማ ቱቦ ስበን እኩል እንካፈል። ለእመቤታችን ብለህ!»

«አዎ፣ ተካፈል እንጂ!» አለ ጅቡ። «ምን ዓይነት ክፉ አህያ ነው?»

አህያው አሰበ። እምቢ ቢል የንጉሥ እናት ሜዳ ላይ ናቸው። እሺ ቢል? ወርዶ መሬት ላይ በሰኮናው ጫረ። ጫረና አጠፋ። ደግሞ ጫረ። የጀርባው ቆዳ ይሸማቀቅ ነበር።

«እመቤቴ» አለ በመጨረሻ። «ልሳሳት እችላለሁ፤ ግን ሦስት ጊዜ አስልቼዋለሁ። ካካፈልኩ ሁለታችንም ፍል ውሃው ደርሰን ስንመለስ እንቆማለን። ካላካፈልኩ አንዱ መኪና ደርሶ ይመለሳል። ስለዚህ ነዳጄን አልሰጥም። እርስዎን ግን እወስዳለሁ። ጓዙ ከወረደ ቦታ አለ።»

«ጓዙን ማን ሊያመጣው?» አለ ጅቡ።

አሮጊቷ አንበሳ የጅቡን ጀርባ አዩት። ሰፊ ጀርባ ነበር።

ፍራሹና ሁለቱ ሣጥኖች ጅቡ ላይ ተጫኑ። ምንጣፉና ብረት ድስቱ ለእመት ቀበሮ ደረሷት፤ «እኔ እኮ የሸጥኩት ፕላስተር እንጂ ነዳጅ አይደለም» እያለች ስትከራከር ድስቱ ጭንቅላቷ ላይ ተደፋና ክርክሩ ከድስቱ ውስጥ ቀረ። ቋንጣው ከእመቤቲቱ ጋር የአህያው ሚኒባስ ውስጥ ገባ። ጅቡን ያስለቀሰው ይህ ነው።

«ፍል ውሃው ገና ሩቅ ነው?» ሲል ጠየቀ እንባውን እየዋጠ።

«በጀርባ ሲሆን ይረዝማል» አለ አህያው። «አውቀዋለሁ።» መኪናው ውስጥ ሊገባ ካለ በኋላ አላስችል ብሎት ተመለሰ። «ሣጥኑን ወደ ትከሻህ ጠጋ አድርገው፣ አያ ጅቦ። ወገብህ ላይ ካረፈ ማታ ያምሃል።»

በመንገድ ላይ አሮጊቷ አንበሳ ሲባጎውን በጥፍራቸው እየነኩ ጠየቁ። «መለኪያህ ሞቷል ብለው ስቀውብህ ነበር። ታዲያ በምን አወቅህ?»

«አላወቅሁም፣ እመቤቴ። አላውቅም ብዬ ነው የምቋጥረው።»

አሮጊቷ ረጅም ሳቅ ሳቁ። «ያንተ መለኪያ ሞቶም ይናገራል። የዚያን ቂል መለኪያ ግን በሕይወቱ ሳለ ነው የቀበሩበት።»

በደህና ደርሰው በደህና ተመለሱ። አህያው የቤተ መንግሥት ሹፌር ተባለ። ሹመቱ በተነገረበት ቀን ግን ከበዓሉ ጠፍቶ ሲፈለግ፣ የተገኘው ማደያ ሰልፍ ላይ ነው። በሰልፉ ጎን አያ ጅቦ የጤፍ ጆንያ ተሸክሞ እያለከለከ አለፈ፤ በየሃያ እርምጃው ቆም እያለ ሆዱን ይዳብስ ነበር።

«ጋሽ ኤሊ» አለ በደከመ ድምፅ፣ «ለኔ የሚቀዳ ነገር የለም?»

«ተራህን ያዝ፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ኤሊ።

ከዚህ የምንማረው፣ የጉድለቱን ምልክት የሸፈነ ጉድለቱን እንዳልሞላ፣ ራሱን ተጠራጥሮ አስቀድሞ የሚሰናዳ ግን ደጅ ላይ ቢሳቅበትም ሜዳ ላይ እንደማይቀር ነው።