ጥቁሩ መቀመጫ

አቶ ይርዳው አዳማ ላይ ሆቴል ሲያሠሩ ከሁሉ አስቀድመው ያወጡት ሕግ አንድ ነበር፤ እሳቸው ቆመው ሳሉ የተቀመጠ ሠራተኛ እዚያው ይሰናበታል። ሥራውን የያዘችው ግንበኛም ሕጉን አክብራ፣ በሆቴሉ መዋኛ ዳር ዳር ከሲሚንቶው ወለል ጋር የተያያዘ ረጅም መቀመጫ ቆማ ገነባች።

መቀመጫው የሚለብሰውን ድንጋይ መምረጥ ላይ ሲደርሱ፣ "ነጣ ያለ ይሁን ጌታዬ፤ ከላዩም ጥላ ይሠራለት። የዚህ አገር ፀሐይ አይቻልም" አለች።

"ጥላ ለጉልት ነው" አሉና እንደ መኪናቸው የሚያብረቀርቅ ጥቁር ግራናይት አስለበሱት።

የምረቃው ዕለት እኩለ ቀን ላይ እንግዶቹ በዋና ልብሳቸው ብቅ አሉ። መጀመሪያ የተቀመጡት ወፍራም ሰውዬ ጮኸው ውኃው ውስጥ ገቡ። ከዚያ ወዲያ እንግዳው ሁሉ መጠጡን እንደያዘ፣ ታክሲ እንደሚጠብቅ ሰው ተገትሮ ቀረ።

አቶ ይርዳው በንዴት ግንበኛዋን አስጠሩና ሰው ሁሉ እየሰማ አፋጠጧት።

"ስሚ አንቺ! ሥራሽ ጥፋት ካለበት፣ አሁኑኑ መዶሻ አንሺና አፍርሰሽ በነፃ ሥሪው። የለበትም ካልሽ ደግሞ እንግዶቼ እያዩሽ ተቀመጪበት!"

ግንበኛዋ የሚፋጀውን ድንጋይ አየችው። ከዚያ እጅ ነሥታ እንዲህ አለች፦

"ኧረ ምንም ጥፋት የለበትም፣ ጌታዬ። ግን እርስዎ ቆመው እኔ እንዴት ብዬ ልቀመጥ? ሕግዎን በምረቃዎ ቀን ላፍርስ? እርስዎ ይቅደሙ፤ ደልደል ብለው ሲቀመጡ እኔም ከጎንዎ አረፍ እላለሁ።"