እመት ጦጢት በሁለት እጇ ስትጨብጥ

በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ። ጆሯችሁን ስጡኝና ተረት ልስጣችሁ።

ድሮ ድሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ጊዜ፣ በእማማ አልጋነሽ ጠጅ ቤት አንድ ባለ አምፖል ራዲዮ ነበር። በሣጥኑ ውስጥ እመት አይጥ ከነልጆቿ ትኖራለች። አምፖሎቹ ሲበሩ ቤቷ ይሞቃል፣ ልጆቿም ይተኛሉ።

አንድ ቀን ራዲዮው ጭጭ አለ። እማማ አልጋነሽ ተናደዱ። «ነገ ለቆራሌው ነው የምሰጠው!» ብለው ገበያ ወጡ።

እመት አይጥ ክው አለች። ጊዜው ክረምት ነው፣ ልጆቿ ደግሞ ገና ፀጉር እንኳን አላበቀሉም። ጣሪያ ላይ ወደምትኖረው ጦጣ ሮጠች።

«እመት ጦጢት፣ በሞቴ ድረሽልኝ! ቆራሌው ቤቴን ከወሰደው ልጆቼን ብርድ ይጨርሳቸዋል!»

«አይዞሽ እቴ፣ ይቺ እጄ ያልሠራችው ምን አለ?» አለች ጦጢት። አፏ ሲያምር!

መጀመሪያ ራዲዮውን በጎኑ በጥፊ አጮለችው።

«ኧረ ጎኔን!» አለ ራዲዮው። ሌላ ቃል አልወጣውም።

ቀጥላ ስፒናውን ነቅላ ፊውዙን አወጣችው። ተቃጥሏል።

«እኔ የተቃጠልኩት ቤቱ እንዳይቃጠል ብዬ ነው» አላት ፊውዙ። «ምን እንዳቃጠለኝ ሳታውቂ ስፒናውን እንዳትሰኪ።»

«ዝም በል፣ አንተ ሲባጎ!» አለችና በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልላ መለሰችው። ስፒናውን ስትሰካ ጭስ ቡልቅ አለ!

«ልጆቼን!» ብላ ጮኸች እመት አይጥ። ጦጢት ደንግጣ ስፒናውን መንጭቃ ነቀለች፣ አይጥም ልጆቿን አንድ በአንድ በአፏ አንጠልጥላ አወጣች። ልጆቹ በብርድ ይንቀጠቀጡ ጀመር።

«አሁንስ ተነቅሏል፣ ምን ያመጣል?» አለች ጦጢትና የጀርባውን ክዳን ከፈተች። ውስጥ አባባ ኮንደንሰር፣ የኤሌክትሪክ ጎተራው ሽማግሌ፣ ቁጭ ብለዋል። ጦጢት እንደሆነች በሥርዓት ያደገች ናት፣ ሽማግሌ በአንድ እጅ አትጨብጥም። ዝቅ ብላ ሁለት እጇን ዘረጋች።

«እንዴት ዋሉ አባ...»

ጧ!

ልጆቼ፣ ጦጢት ከጠጁ ጋን ሥር ነው የተገኘችው። ፀጉሯ በሙሉ ቆሟል። እመት አይጥ የሞተች መስሏት እሪ አለች።

«ስፒናው... ተነቅሎ... የለም እንዴ?» አለች ጦጢት በመጨረሻ።

«ቢነቀልስ? የጠጣሁት ሆዴ ውስጥ አለ» አሉ አባባ ኮንደንሰር። እሳቸውም ደንግጠዋል። «በአንድ እጅሽ ገብቼ፣ በልብሽ አልፌ፣ በሌላው ወጣሁ። ለጥቂት ነው የተረፍሽው፣ ልጄ!»

«ታዲያ እንዴት ልቅረብዎት?»

«ግራ እጅሽን ከኋላሽ አድርጊ። ከእማማ መሳቢያ የኤሌክትሪክ ማዘግያውን፣ ሬዚስተርን፣ አውጥተሽ እጀታው ላስቲክ በሆነ ፒንሳ ይዘሽ በሁለቱ እግሮቼ መሃል አኑሪልኝ። እሱ ዝግ ያለ ነው፣ የጠጣሁትን ቀስ አድርጎ ያወርድልኛል። ከዚያ በቴስተር፣ በኤሌክትሪክ መለኪያው፣ ለኪኝ። ዜሮ ካላለ እንዳትነኪኝ!»

ጦጢት ያሉትን አደረገች። ቴስተሩ ዜሮ አለ። አላመነችም፣ ደግማ ለካች። ያኔ ነው ውስጡን በደንብ ያየችው። አንድ ሽቦ ጨርቁ ተልጦ፣ እርቃኑን ከራዲዮው ብረት ጋር ተጣብቋል። ፊውዙን ያቃጠለው ይኸው ነበር።

«ማነው የላጠህ?»

እመት አይጥ የልጆቿን መኝታ አየች። መኝታው ያ ጨርቅ ነበር።

«ወይኔ ጉዴ! እኔው ነኝ! እንዳይበርዳቸው ብዬ... በገዛ ጥርሴ ልፈጃቸው ነበር!» ብላ አለቀሰች።

ጦጢት አልተቆጣቻትም። እሷስ በምን አፏ ትቆጣ! ሽቦውን በሚጣበቅ ናስትሮ ጠቀለለች፣ ልኩን ፊውዝ ከመሳቢያ አውጥታ አስገባች፣ ክዳኑን ዘጋች። ስፒናው ሲሰካ አምፖሎቹ ቀስ ብለው ቀሉ፣ ራዲዮውም ዘፈነ። እመት አይጥም ልጆቿን ከሣጥኑ ውጭ፣ ሙቀቱ በሚደርስበት የግድግዳ ጥግ አስተኛች። ሽቦ ድጋሚ አልነካችም።

እማማ አልጋነሽ ሲመለሱ ዘፈኑን ሰምተው ክው አሉ። ከራዲዮው አጠገብ ያገኟትን ጦጢትን ሊያመሰግኑ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። እሷ ግራዋን ከኋላዋ ደብቃ አንድ እጇን ብቻ ሰጠቻቸው።

«ምን ያለች ስድ ናት!» አሉ እማማ።

«ይቅር ይበሉኝ እማማ፣ ዛሬ ሽማግሌ በሁለት እጄ ጨብጬ አይቻለሁ» አለች ጦጢት።

ተረቴ እዚህ አበቃ፣ ጆሯችሁን ውሰዱ። እናንተም ልጆቼ፣ ሽማግሌ ስትጨብጡ ሁለቱንም እጃችሁን ዘርጉ። የአሮጌ ራዲዮ ሆድ ስትከፍቱ ግን አንዱን ደብቁ፣ የነቀላችሁትም ሁሉ ባዶ አይምሰላችሁ።