እማማ ውድነሽ የሞከሯት አንድ ሳንቃ

ኑ፣ ጠጋ በሉ። የተቀዳ ሻይ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ያለችውን ጊዜ ብቻ ስጡኝ፤ በምትኳ ዕድሜ ልክ የምታገለግል ወሬ እሰጣችኋለሁ። ወሬው ስለ ፕላን ነው። ፕላን ስል እንዳታዛጉ! ውስጡ ቦይ አለ፣ ጥሩምባ አለ፣ ሊወለድ የደረሰ ልጅም አለ።

ጠጠር ሰፈር ውስጥ እማማ ውድነሽ የሚባሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ። አርባ ዓመት ሙሉ ሰፈሩን ያለበሱ ሴት ናቸው። ፋናዬ የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው። ፋናዬ አግብታ የምትኖረው እዚያው ሰፈር፣ ከእናቷ ቤት ብዙም ሳትርቅ ነው። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ዘጠነኛ ወሯ ገብቷል። እማማ ውድነሽም "ምጥ ሲይዝሽ እጅሽን የምይዘው እኔ ነኝ" ብለው ቃል ገብተውላታል።

ታዲያ በመሃል ቦይ ተቆፈረ። ለጎርፍ መውረጃ ተብሎ ሰፈሩን ለሁለት ሰንጥቆት ሄደ። ቆፋሪዎቹም "እንመለሳለን" ብለው ሄዱ፤ ይኸው ሁለት ወራቸው። የቦዩ ጥልቀት ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ስፋቱ ግን አራት እርምጃ ብቻ ነው። አራት እርምጃ! በአስፋልቱ ልዙር ያለ ሰው አንድ ሰዓት ይሄዳል። የእማማ ውድነሽ ጉልበት ደግሞ እንኳን አንድ ሰዓት፣ እስከ ወፍጮ ቤት እንኳ እየለመኑት ነው የሚሄድላቸው።

እናት ወዲህ፣ ልጅ ወዲያ።

እማማ ውድነሽ ወደ አናጢው ወደ ታፈረ ሄዱ። "ታፈረ ልጄ፣ መሻገሪያ ሥራልኝ።"

"በደስታ እማማ! ግን ልኩን ማን ይሰጠኛል? ያለ ልክ ቆርጬ አንዴ አልጋ ብሠራ፣ በበር አልገባ ብሎ ሙሽሮቹ በረንዳ ላይ ከረሙ። እስካሁን ሲያዩኝ ፊታቸውን ያዞራሉ። ግንበኛው ይለካልኝ፣ እኔ እቆርጣለሁ።"

አናጢው አልቆርጥ አለ፤ ቦዩ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ እናት ወዲህ፣ ልጅ ወዲያ።

ወደ ግንበኛው ወደ ሸምሱ ሄዱ። "ሸምሱ፣ ቦዩን ለካልኝ፤ አናጢው እንዲቆርጥ።"

ሸምሱ ሜትሩን ከኪሱ አወጣ፣ አየው፣ መልሶ ከተተው። "ምኑን ልለካ እማማ? የሚያልፍበት ሰው ነው? ጋሪ ነው? በሬ ነው? መጀመሪያ ስዕል ያምጡልኝ።"

ግንበኛው አልለካ አለ፤ አናጢው አልቆርጥ አለ፤ ቦዩ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ እናት ወዲህ፣ ልጅ ወዲያ።

ወደ መምህር ስንታየሁ ሄዱ። በትምህርት ቤቱ ስዕል የሚያስተምሩት እሳቸው ናቸው። "መምህር፣ ይሳሉልኝ፤ ግንበኛው እንዲለካ፣ አናጢው እንዲቆርጥ።"

የመምህሩ ዓይን በራ። "ሦስት ዓይነት ድልድይ በጭንቅላቴ ይዣለሁ እማማ። አንደኛው መብራት አለው። ሁለተኛው ቅስት አለው። ሦስተኛው . . ."

"መብራቱስ ይቅርብኝ። የሚያሻግረው የትኛው ነው?"

"ሁሉም! ለዚህ እኮ ነው የቸገረኝ። የትኛው እንደሚሻል እድሩ ይወስን፣ እኔ እስላለሁ።"

መምህሩ አልስል አሉ፤ ግንበኛው አልለካ አለ፤ አናጢው አልቆርጥ አለ፤ ቦዩ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ እናት ወዲህ፣ ልጅ ወዲያ።

ወደ እድሩ ጸሐፊ ወደ አስካለች ሄዱ። "አስካሉዬ፣ ወስኑልኝ፤ መምህሩ እንዲስሉ፣ ግንበኛው እንዲለካ፣ አናጢው እንዲቆርጥ።"

አስካለች መዝገቧን ደረቷ ላይ አቀፈች። "ውይ እማማዬ፣ ሰው ቢወድቅበትስ? ማን ሊጠየቅ ነው? ያለ ስብሰባ ምንም አይወሰን ይላል ደንባችን። ጥሩምባ ይነፋ፣ ሰው ይሰብሰብ፣ እኔ እጽፋለሁ።"

ጸሐፊዋ አልጽፍ አለች፤ መምህሩ አልስል አሉ፤ ግንበኛው አልለካ አለ፤ አናጢው አልቆርጥ አለ፤ ቦዩ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ እናት ወዲህ፣ ልጅ ወዲያ።

ወደ ጥሩምባ ነፊው ወደ ጋሽ ወርዶፋ ሄዱ። "ጋሽ ወርዶፋ፣ እባክህ ንፋልኝ፤ ጸሐፊዋ እንድትጽፍ፣ መምህሩ እንዲስሉ፣ ግንበኛው እንዲለካ፣ አናጢው እንዲቆርጥ።"

"ያለ ማኅተም? በጭራሽ!" አሉ ጋሽ ወርዶፋ። "አንዴ በጌ ጠፍታብኝ ያየ ካለ ብዬ ነፋሁ። ሰፈሩ ሁሉ ነጠላውን ዘቅዝቆ፣ እያለቀሰ መጣ። ማን ሞተ? ማንም። ያን ቀን የተሰደብኩት ስድብ ይበቃኛል ውድነሽ። ዳኛው የጥሪው ወረቀት ላይ ማኅተም ያሳርፉ፣ እኔ እነፋለሁ።"

ጥሩምባ ነፊው አልነፋ አሉ፤ ጸሐፊዋ አልጽፍ አለች፤ መምህሩ አልስል አሉ፤ ግንበኛው አልለካ አለ፤ አናጢው አልቆርጥ አለ፤ ቦዩ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ እናት ወዲህ፣ ልጅ ወዲያ።

የቀሩት የእድሩ ዳኛ አቶ ልሳኑ ናቸው። የአቶ ልሳኑ ቤት የት ነው? ከቦዩ ማዶ! እማማ ውድነሽ ቦዩ ጫፍ ቆመው ተጣሩ።

"አቶ ልሳኑ! ማኅተም ያሳርፉልኝ!"

አቶ ልሳኑ ከዘራቸውን ተደግፈው ከበራቸው ብቅ አሉ። "ማኅተሙ እኮ እናንተ ዘንድ ነው! እድር ቤት፣ ሣጥን ውስጥ! ቁልፉ ነው እኔ አንገት ላይ ያለው!"

"ቁልፉን ይወርውሩልኛ!"

"የእድር ቁልፍ ይወረወራል እንዴ ውድነሽ? ከእጅ ወደ እጅ ይላል ደንቡ! መሻገሪያ ይሠራና መጥቼ አሳርፋለሁ!"

ሰማችሁ? ዳኛው ድልድይ ከሌለ አልሻገር አሉ፤ ጥሩምባ ነፊው ማኅተም ከሌለ አልነፋ አሉ፤ ጸሐፊዋ ጥሩምባ ካልተነፋ አልጽፍ አለች፤ መምህሩ ካልተጻፈ አልስል አሉ፤ ግንበኛው ካልተሳለ አልለካ አለ፤ አናጢው ካልተለካ አልቆርጥ አለ፤ ካልተቆረጠ ደግሞ ድልድይ የለም! ነገሩ ዞሮ ዞሮ እዚያው ቦዩ ውስጥ ገባ። እናት ወዲህ፣ ልጅ ወዲያ።

እዚህ ላይ አንዴ ላቁማችሁ። ከነዚህ ሰዎች ውስጥ ክፉ አለ? የለም። ሰነፍስ? እሱም የለም። ሁሉም ሊሠራ ዝግጁ ነው፤ ሁሉም ሌላውን ይጠብቃል። ስንት ሥራ እንዲህ ሆኖ ቆሟል መሰላችሁ!

እማማ ውድነሽ ቤታቸው ገብተው ከስፌት መኪናቸው ፊት ቁጭ አሉ። እንባቸው ሊመጣ ሲል ዓይናቸው ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ቀሚስ ላይ አረፈ። ገና ያላለቀ ቀሚስ ነው። በነጭ ክር ላላ ተደርጎ ተያይዟል፤ የቀሚሱ ባለቤት መጥታ ትሞክረዋለች፣ የጠበበው ይሰፋል፣ የረዘመው ያጥራል፣ ከዚያ በኋላ ነው በመኪና የሚሰፋው። አርባ ዓመት የሠሩት እንዲህ ነው። ደንበኛ ሳይሞክረው ልብስ ጨርሰው አያውቁም።

ብድግ አሉ። አናጢው ዘንድ ሄዱ።

"ታፈረ፣ ረጅም ሳንቃ አለህ?"

"አለኝ እማማ፣ ግን ሳይለካ አልቆ . . ."

"ማን ቁረጥ አለህ? እንዳለ ጣለው። ልሞክረው ነው፤ እንደ ቀሚስ።"

ታፈረ ለእንቢታ የሚሆን ምክንያት አጣ። ሳንቃውን ተሸክሞ ሄደና በቦዩ ላይ ጣለው። ደረሰ! ተርፎም አንድ ክንድ አለፈ። ሸምሱም ይህን አይቶ መጣና ጫፉን በድንጋይ ያዘው። እማማ ውድነሽ ገመድ ወገባቸው ላይ አስረው፣ ገመዱን ለሁለቱ አስይዘው፣ አንድ እርምጃ ሄዱ። ሁለት ሄዱ። ሳንቃው ተርገበገበ።

"ያዙኝ! ያዙኝ! መልሱኝ!"

መለሷቸው። እማማ ውድነሽ ግን እየሳቁ ነበር። "ጠቦኛል። ነገ አንድ ይጨመርበት።"

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም ቦዩ ጫፍ ጠሩ። አስካለች ወንበር ልታመጣ ስትል ከለከሏት። "ወንበር አይምጣ። ወንበር ከመጣ ሻይ ይመጣል፣ ሻይ ከመጣ ጨዋታ ይመጣል፣ ጨዋታ ከመጣ ቀኑ ይሄዳል። ቆመን እንጨርሰው። ትናንት ምን ሠራን? ዛሬ ምን እንሠራለን? ምን ያዘን?"

ሦስት ጥያቄ ብቻ! ይኸን የትልልቅ ቢሮ ሰዎች አጃይል ብለው ሥልጠና ይወስዱበታል፤ ትንሽ ሠርተህ አሳይ፣ የሚጠቀምበት ሰው ይሞክረው፣ ያለውን ስማ፣ አስተካክል፣ ቀጥል ነው ነገሩ። እማማ ውድነሽ ስሙንም አያውቁት።

ትናንት አንድ ሳንቃ ተጣለ። ዛሬ ሁለተኛው ጎኑ ተደረገ፣ ሁለቱም በአግዳሚ እንጨት ተያያዙ። የያዘንስ ምንድን ነው? "ዳኛው ናቸው!" አለ ታፈረ፣ ሰዉም ሳቀ። ዳኛው ግን ከማዶ ሆነው ሰምተው ኖሮ፣ ከዘራቸውን አንስተው፣ እየተንቀጠቀጡ፣ በሁለቱ ሳንቃ ላይ ተሻገሩ። ቁልፉ አንገታቸው ላይ ነበር።

ያኔ ነገሩ ሁሉ ተፈታ። ዳኛው ተሻገሩ፤ ማኅተሙ ወረቀቱ ላይ አረፈ፤ ጥሩምባው ተነፋ፤ ጸሐፊዋ ጻፈች፤ መምህሩ ሳሉ፤ ግንበኛው ለካ፤ አናጢው ቆረጠ። በስብሰባው ላይ መምህሩ መብራቱን ሊያነሱ ሲሉ ዳኛው "መጀመሪያ መደገፊያ፤ እኔ ስሻገር የናፈቀኝ እሱ ነው" አሉ። በሦስተኛው ቀን በአንድ ጎን መደገፊያ ቆመ። የሌላኛው ጎን ለነገ ተባለ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ ገና ለሦስቱ ጥያቄ ቆመው ሳሉ፣ የፋናዬ ባል ከማዶ እየሮጠ መጣ። "እማማ! ምጥ ይዟታል! እናቴን ጥሩልኝ ትላለች!"

ድልድዩ አላለቀም። መደገፊያው አንድ ጎን ብቻ ነው፤ ጫፉ ገና አልተላገም። ግን ያሻግራል! እማማ ውድነሽ ለልጃቸው ያዘጋጁትን አጥሚት ለታፈረ አሸክመው፣ በቀኝ እጃቸው መደገፊያውን ይዘው ሄዱ። አንድ እርምጃ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።

እናትም ወዲያ፣ ልጅም ወዲያ።

ፋናዬ ጤና ጣቢያ ስትገባ እጇ በእናቷ እጅ ውስጥ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሴት ልጅ ወለደች።

ሲመለሱ እማማ ውድነሽ ድልድዩ መሃል ላይ ቆሙ። ሰዉ ከዚህም ከዚያም ወጥቶ እልል ይላል። እሳቸውም መደገፊያውን ይዘው አንድ በአንድ መረቁ።

"ታፈረ፣ ሳንቃህን ሳትቆርጥ የጣልክልኝ፣ እጅህ ይባረክ። ሸምሱ፣ ድንጋዩን ያስደገፍክልኝ፣ ዕድሜ ይስጥህ። መምህር፣ መብራትዎን ለኔ ሲሉ ያቆዩልኝ፣ ያብራልዎ። አስካሉዬ፣ የጻፍሽልኝ፣ ደስታሽን ያጽፍሽ። ጋሽ ወርዶፋ፣ ለደስታ የነፋህልኝ፣ በግህም ትገኝልህ። አቶ ልሳኑ፣ ፈርተው የተሻገሩልኝ፣ የልጅ ልጅዎን ይዘው ይሻገሩበት። አንድ ሰው ብቻ ቢጎድል እኔ ዛሬ ወዲህ ነበርኩ። ተመስገን!"

"እኔንስ?" አለ የፋናዬ ባል።

"አንተማ ሮጠህ ነው የመጣኸው፤ ጉልበትህን ይጠብቅልህ!"

የሌላኛው ጎን መደገፊያ በማግስቱ ተሠራ። መብራቱም ሲቆይ መጣ፤ መምህሩ ያን ቀን የተደሰቱትን ደስታ አትጠይቁኝ።

እንግዲህ ሻያችሁ ቀዝቅዟል፣ ወሬዬም አልቋል። እናንተም ዘንድ አፉን ከፍቶ የቀረ ቦይ አይጠፋም፤ ሌላው ይጀምር እያላችሁ የተዋችሁት። ነገ ጠዋት ሁሉን ሰብስቡ፣ ወንበር አታምጡ፣ ሦስቱን ጥያቄ ጠይቁ። ከዚያ አንድ ሳንቃ ጣሉ። ሳትቆርጡት። ወገባችሁን በገመድ እሰሩና ሞክሩት፤ ገመዱን የሚይዝላችሁን ሰው ደግሞ ማመስገን እንዳትረሱ።